ፖሊስን ማን ይጠይቀዋል?

በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ ከቡና በኋላ የተደረገ ንግግር

ጸሐፊያችን «ስለ ምርጫ ትንሽ ንገሪን» ስትለኝ ስለ ፕሬዚዳንትና ስለ ኮንግረስ የምናገር መስሏት ነበር። እኔ ግን ልነግራችሁ የመጣሁት የምርጫው ወረቀት ግርጌ ላይ ስላለች፣ ብዙዎቻችን ሳናያት ስለምናልፋት ነገር ነው። በዚህ በቺካጎ የፖሊስን ሥራ የሚከታተሉ ሰዎች በሕዝብ ይመረጣሉ። በየፖሊስ ዲስትሪክቱ ሦስት ሦስት ናቸው። ይህን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ ብል ስንት እጅ እንደሚወጣ ስለምገምት አልጠይቃችሁም። እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ለምን እንደሚገደኝ ልንገራችሁ። ቺካጎ ሳንገባ፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ እንኖር ነበር። ልጄ ያኔ 16 ዓመቱ ነው፣ ከትምህርት በኋላ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። አንድ ምሽት ከሥራ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው፤ መንገድ ዳር አስቀምጠው አንድ ሰዓት ያህል ካቆዩት በኋላ «የምንፈልገው ሰው አንተ አይደለህም» ብለው ለቀቁት። አልመቱትም፣ አልሰደቡትም። እኔ ግን ጃኬቱንም ጫማውንም ሳያወልቅ ጨለማ ውስጥ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት።

በማግስቱ ጣቢያው ሄድኩ። ጠብ ፍለጋ አልነበረም። ለምን አንድ ሰዓት እንደፈጀ የሚነግረኝ ሰው ነበር የፈለግሁት። ወረቀት ሰጡኝ፣ ሞላሁ። እንግሊዝኛዬን ያረመልኝ ያው ልጄ ነው፣ ይህን ሳስበው እስካሁን ያመኛል። መልስ አልመጣም። ሁለት ወር ቆይቼ ተመልሼ ብሄድ መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት «የሚያየው ያው ክፍሉ ነው» አለችኝ። አቤቱታ የቀረበበትም፣ የሚያጣራውም፣ መልስ የሚሰጠውም አንድ ቤት። ከዚያ ቤት ውጪ ማንን እንደምጠይቅ አላውቅም ነበር፤ የሚጠየቅ ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አላውቅም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ይህን ማኅበር ስናቋቁም ሊቀመንበር መረጥን፣ ገንዘብ ያዥ መረጥን፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ተቆጣጣሪ መረጥን። ገንዘብ ያዣችን ሌባ ናት ብለን ነው? አይደለም፤ ሁላችንም ቤታችንን ቁልፍ ሰጥተናት የምንሄድ ነን። ግን ደረሰኙን የሚያየው ደረሰኙን የቆረጠው ሰው እንዳይሆን ብለን ነው። አገር ቤት በእድር ያደግን ሁላችን ይህን ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። እንግዲህ ለቅሶ ላይ ለሚወጣ ገንዘብ ተቆጣጣሪ ካስፈለገ፣ ጠመንጃ ለያዘ ሰው እንዴት አያስፈልግም?

የቺካጎ ሰዎች ይህን መብት ያገኙት በከባድ ዋጋ ነው። ብዙዎቻችሁ የላኳን ማክዶናልድን ስም ሰምታችኋል። 17 ዓመቱ ነበር። ኦክቶበር 20 ቀን 2014 ማታ አንድ ፖሊስ 16 ጥይት ተኮሰበት። የፖሊሶቹ ሪፖርት ልጁ ጩቤ ይዞ ወደ እነርሱ እንደመጣ አድርጎ ጻፈው። ከፖሊስ መኪናው የተቀረጸው ቪዲዮ ግን ልጁ ከእነርሱ እየራቀ ሲሄድ ነበር የሚያሳየው። ያን ቪዲዮ ሕዝብ ያየው ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኖቬምበር 24 ቀን 2015 ነው፤ እሱም ዳኛ ካዘዘ በኋላ። በዚህ መሀል ከተማው ለቤተሰቡ 5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ፖሊሱ በግድያ የተከሰሰው ቪዲዮው በወጣበት በዚያው ዕለት ነው። እናት የሆነች ሁሉ እነዚያን 13 ወራት ታስባቸው። ወረቀቱም ቪዲዮውም መሥሪያ ቤት ውስጥ ነበሩ፣ ያዩአቸውም ሰዎች ነበሩ። ፖሊሱ በ2018 ጥፋተኛ ተባለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልብ በሉ። በዚህ አገር የካውንቲው ዋና ዐቃቤ ሕግ በሕዝብ የሚመረጥ ነው። ክሱን ያን ያህል ያዘገየችው ዐቃቤ ሕግ በማርች 2016 በፓርቲዋ ውስጥ ለውድድር ስትቀርብ ተሸነፈች። ወጣቶች ናቸው ቤት ለቤት እየሄዱ የጣሏት። የፍትሕ ሚኒስቴርም መርምሮ በጃንዋሪ 2017 ባወጣው ሪፖርት የቺካጎ ፖሊስ ከሚገባው በላይ ኃይል እንደሚጠቀም፣ ጥፋትም ሲፈጸም በሚገባ እንደማይመረመር ገለጸ። ከ2019 ጀምሮ ፖሊሱ በፌዴራል ፍርድ ቤት ክትትል ስር ነው ያለው።

ነገር ግን የሰፈር ሰዎች «ፍርድ ቤቱ አንድ ቀን ይሄዳል፣ እኛ ግን እዚሁ ነን» አሉ። ዓመታት የፈጀ ሙግት ነበር። ሁለት የተለያዩ ስብስቦች ሁለት የተለያየ ረቂቅ ይዘው እርስ በርስ ሲፎካከሩ ከቆዩ በኋላ ተስማምተው አንድ አደረጉት። የከተማው ምክር ቤት ጁላይ 21 ቀን 2021 በ36 ድጋፍና በ13 ተቃውሞ አጸደቀው። የመጀመሪያው ምርጫ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2023 ተካሄደ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማው በ22 የፖሊስ ዲስትሪክት የተከፈለ ነው፤ በየዲስትሪክቱ ሦስት ሰው ይመረጣል፣ በድምሩ 66። የሚያገለግሉት አራት ዓመት ነው። ደመወዝተኞች አይደሉም፣ በወር 500 ዶላር ገደማ አበል አላቸው። በየወሩ ማንም ሰው የሚገባበት ስብሰባ የማድረግ ግዴታ አለባቸው፤ እዚያ ተነስቶ መናገር ይቻላል። ከሦስቱ አንዱ ከሌሎቹ ዲስትሪክቶች ተወካዮች ጋር ተሰብስቦ ከሁሉም በላይ ላለው ባለ ሰባት አባል ኮሚሽን ዕጩዎችን ያቀርባል፤ ከንቲባው ከእነዚያ ውስጥ ይመርጣል፣ የከተማው ምክር ቤት ያጸድቃል።

ጉልበቱ ያለው እዚያ ኮሚሽን ላይ ነው። የፖሊስ አዛዥ ቦታ ክፍት ሲሆን ከንቲባው የፈለገውን ሰው ዝም ብሎ አይሾምም፤ ኮሚሽኑ ካቀረበለት ሦስት ስም ይመርጣል። በ2023 የሆነው ይኸው ነው፤ የአሁኑ አዛዥ ላሪ ስኔሊንግ ከሦስቱ አንዱ ነበሩ። ኮሚሽኑ የፖሊስን መመሪያ ያወጣል፣ ያሻሽላል። ፖሊስ የወሮበላ ቡድን አባላት ናቸው እያለ ስም የሚመዘግብበት መዝገብ ነበር፤ በስህተት የገባ ሰው እንኳ ስሙ መኖሩን የማያውቅበት፣ ስደተኛ ከሆነ ደግሞ ጣጣው የባሰ። ኮሚሽኑ በ2023 እንዲህ ያለ መዝገብ እንዲቀር ወሰነ። መኪና ማስቆምን በተመለከተም የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ ነበር። ባሎቻችንና ወንድሞቻችን ታክሲና ኡበር እየነዱ ነው የሚያድሩት፤ ከእነርሱ ይልቅ ስለዚህ የሚናገር ማን አለ? ነገር ግን ሄዶ የተናገረ የእኛ ሰው አላውቅም።

የማይችሉትን ደግሞ ልንገራችሁ፣ ኋላ «ዋሸሽን» እንዳትሉኝ። የመረጥናቸው ሦስቱ ሰዎች ፖሊስ ማባረር አይችሉም። ማሰርም መፍታትም አይችሉም። የደረሰባችሁን በደል የሚመረምረው ኮፓ የሚባል ሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከሥራ ስለ ማሰናበት የሚወስነው ደግሞ የፖሊስ ቦርዱ ነው። ሦስቱ የሚያደርጉት መንገዱን ማሳየት፣ ጥያቄውን አዛዡ ፊት ማቅረብና መልሱን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ መጠየቅ ነው። ትንሽ ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔ መስኮት ላይ ተመልሼ ለሄድኩት ሴትዮ ግን ትንሽ አይደለም።

ባለፈው ወር ይህን ነገር ሻይ ስንጠጣ ሳነሳ አንዲት እናታችን ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ቀበሌም እኮ ተመርጦ ነበር» አሉኝ። ቤቱ ዝም አለ። ከእኛ መሀል የቀበሌ ነገር ያልነካው ቤተሰብ ጥቂት ነው። እውነታቸውን ነው። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌዎች ከሰፈሩ ሰው ተመርጠው ነው የተቋቋሙት። መጀመሪያ ላይ አነስተኛ የቤት ኪራይ ይሰበስቡ፣ በፍርድ ሸንጎ የጎረቤት ጠብ ይዳኙ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጠመንጃ ታጠቁ፣ አብዮት ጥበቃው መጣ፣ እስር ቤቱ በየቀበሌው ተከፈተ። የሚያስረውን ሰው ሰፈርተኛው በስሙ ያውቀው ነበር።

ለእኚህ እናት ያኔ መልስ አልሰጠሁም፣ ሳስብ ከረምኩ። ዛሬ የምለው ይህን ነው። ቀበሌ ላይ የጠፋው ምርጫው ብቻ አይደለም። የሚቆጣጠረውና የሚያስረው አንድ ሆነ። በዚህ ከተማ ግን የምንመርጣቸው ሦስቱ ሰዎች ካቴና የላቸውም፣ ቁልፍ የላቸውም፣ ክፍት ስብሰባና ወረቀት ነው ያላቸው። ፍርሃቱ ግን ከንቱ አይደለም። በ2023 የፖሊሶቹ ማኅበርም የራሱን ዕጩዎች ደግፎ ነበር፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ያዥዋ ተቆጣጣሪዎቿን ራሷ ብትመርጥ ምን እንላለን? ሌላው ሰው ቤቱ ሲቀር ነው ይህ የሚሆነው።

ሰው መቅረት የሚያመጣውን እንግሊዝ አይታዋለች። እዚያ በ2012 በለንደን ሳይሆን በሌሎቹ አካባቢዎች የፖሊስ ኮሚሽነር የሚባል አንድ ሰው በቀጥታ ይመረጥ ተባለ፤ በጀቱን የሚይዝ፣ አዛዡን የሚሾምና የሚያነሳ፣ ከቺካጎው በጣም የበረታ ሥልጣን ነው። ኖቬምበር ላይ፣ ብርድ ባለበት፣ ሌላ ትልቅ ምርጫ በሌለበት ቀን አደረጉት። ድምፅ የሰጠው ከመቶ 15 ያህል ሰው ብቻ ነበር፤ ዌልስ ውስጥ በአንድ ምርጫ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። አስተባባሪዎቹ ምን እያወሩ እንደዋሉ እንጃ። በኖቬምበር 2025 መንግሥት ሹመቱን በ2028 እንደሚያስቀረው አስታወቀ፤ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ሕዝቡ እነማን እንደሆኑ አያውቃቸውም የሚል ነው።

እኛስ? በ2023 ምርጫ ቺካጎ ውስጥ ከመቶ ተመዝጋቢ 36 ያህሉ ነው ድምፅ የሰጠው። ወረቀቱን እስከ ግርጌው ያነበበው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሚቀጥለው ምርጫ ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2027 ነው። ከከንቲባው ጋር አብሮ ስለሚሆን ሁላችሁም ትወጣላችሁ፤ እባካችሁ ከንቲባው ላይ ምልክት አድርጋችሁ አትመለሱ። ወደ ታች ውረዱ። እስከ ሦስት ሰው መምረጥ ትችላላችሁ።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ፣ በተለይ በቅርብ ለመጣችሁ። ድምፅ መስጠት የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ግሪን ካርድ የያዘች ሰው እንዳትመዘገብ፣ በስህተትም ቢሆን። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ወይም ስታሳድሱ ስለ መራጭነት ምዝገባ ከተጠየቃችሁ ዜጋ ካልሆናችሁ መልሱ አይሆንም ነው፤ ያልገባችሁ ነገር ላይ አትፈርሙ። በዚህ ምክንያት የዜግነት ማመልከቻ ሊበላሽ፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣ ይችላል። ስብሰባው ላይ መገኘትና መናገር ግን ዜግነት አይጠይቅም። ሕጉ ራሱ ዜጋ ላልሆኑ ሰዎች አማካሪ ጉባኤ እንዲኖር ያዝዛል።

እኔ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያ ቀን ኋላ ተቀምጬ አንድም ቃል ሳልናገር ወጣሁ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ሰው አይሞላም፣ አብዛኛው ሽማግሌ ነው፤ ግማሹ ጊዜ ስለ መኪና ማቆሚያ ነው የተወራው። ሦስተኛው ቀን ላይ ተነስቼ 911 ደውላ አማርኛ የምትናገር ሴት ቤቷ ለመጣው ፖሊስ የሚያስተረጉምላት ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ይህን የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ እዚህ ክፍል ውስጥ የምታውቁ አላችሁ፤ ባል በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ ሚስት ዝም ብላ የቆመችበትን ቤት። ሊቀመንበሯ ጻፈችው። በሚቀጥለው ወር ከፖሊስ በኩል የመጣው ሰው በስልክ የሚሠራ የትርጉም አገልግሎት አለ አለን። «ፖሊሶቹ እንደሚጠቀሙበት እንዴት ይታወቃል?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። ለዚያ ገና መልስ አልመጣም። እየጠበቅን ነው።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ቢያንስ አራት ሆነን እንሂድ። መኪናዬ አራት ሰው ይይዛል፣ ልጅ የምትይዝልን አንዲት እናት ትፈለጋለች። ዲስትሪክታችሁን የማታውቁ አድራሻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፣ ፈልጌ እነግራችኋለሁ። ወረቀቱ በሩ አጠገብ፣ ከዳቦው ጎን ነው ያለው።