ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ፣ ለዛሬው ደቀ መዝሙር ጊዜ

(በግንደወይን ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድንናገርበት የታዘዝነው ጉዳይ ሥራቸውን፣ ትዳራቸውንና የቤተ መቅደስ አገልግሎታቸውን ሳይተው የነገረ መለኮትን ትምህርት በርቀትና በገጽ ለገጽ አጣምረው ስለሚማሩ አገልጋዮች ነው። እኛም ከእነርሱ ወገን ስለሆንን የምንናገረው ያየነውንና የደረሰብንን ነው።

ይህ የቆምንበት ምድር ለትምህርት እንግዳ አይደለም። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ ማርያምና መርጡለ ማርያም ጎረቤቶቻችን ናቸው። የቅኔ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከሩቅ አገር ወደ ጎጃም የመጣው መምህር ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ የሚያበላው መንደር ስለ ነበረም ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ ሲቆም፣ ውሻዋን ከልክላ ቁራሽ የምትሰጠው እናት ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ ባለው ትምህርት ውስጥ ድርሻ ነበራት። መምህሩ ዕውቀቱን፣ ተማሪው ድካሙን፣ መንደሩ እንጀራውን አዋጥተው ሊቃውንትን አፈሩ።

ዘመናዊው የነገረ መለኮት ትምህርት በ1935 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ትምህርት ቤት ሲጀመር፣ ከእኛ አገር የሚሄድ ተማሪ ደብሩንና ዘመዱን ትቶ መሄድ ነበረበት። በኋላ የማታውና የርቀቱ መርሐ ግብር ሲከፈት ግን ትምህርቱ ራሱ ወደ ተማሪው ቤት መጣ። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን በቤቱ ሆኖ የሚማረው ዲያቆን ወይም ቄስ ከቆሎ ተማሪው የተለየ ችግር አለበት። እንጀራው በሞሰቡ አለ፤ የጎደለው ጊዜ ነው። ጊዜ ደግሞ በአኩፋዳ አይለመንም።

አንድ ቀናችንን እንመልከት። ሌሊት ኪዳን እናደርሳለን። ቀን ምንጭ ወደሚጎለብትበት ወይም ችግኝ ወደሚፈላበት ቀበሌ በእግር እንወጣለን። ማታ ስንመለስ ሕፃኑ ያለቅሳል፤ ባለቤታችንም ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ስትደክም ውላለች። ሞጁሉን የምንገልጠው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው፤ እሱም መብራት ካለ። በኢንተርኔት የሚላክ ትምህርትም የራሱ ፈተና አለው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በእጃችን የቀረው የታተመው ወረቀት ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ክረምቱ ነው። የገጽ ለገጽ ትምህርት የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በክረምት ነው፤ ጤፍ የሚዘራውና የሚታረመውም በክረምት ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ በየዕለቱ ይቀደሳል። ለቅዳሴ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት፣ በድምሩ አምስት ልዑካን ያስፈልጋሉ። በብዙ የገጠር አጥቢያዎች ከእነዚህ አምስት የሚተርፍ ሰው የለም።

በአንድ የፍልሰታ ቀን ፈተና ነበረን። ሦስተኛው ዲያቆን እኛው ነበርን። ለአስተዳዳሪው አባታችን የነገርናቸው ግን በዋዜማው ማታ ነው። ወደ ጎረቤት ደብር ሰው ልከው ዲያቆን እስኪያስመጡ ድረስ፣ ሕፃናትና አረጋውያን ጾማቸውን ይዘው ከልክ በላይ ቆዩ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። የፈተናውን ቀን ከወር በፊት አውቀነው ሳለ ትምህርቱን የግል ጉዳያችን አድርገን ደብቀነዋል። የደበቅነውም «አገልግሎቱን ትቶ ዲፕሎማ ይፈልጋል» እንዳንባል ፈርተን ነው። አባታችን ግን አልተቆጡም፤ «ብትነግሩን ሰሞን እንለውጥ ነበር» ብቻ አሉ።

አባቶች፣ የመፍትሔው ቁልፍ ያለው በዚህ በአባታችን ቃል ውስጥ ነው ብለን እናምናለን። ቤተ ክርስቲያናችን የሰሞነኛን ሥርዓት የሠራችው ካህኑ ቤተ መቅደሱንም እርሻውንም እንዲያደርስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ድንኳን እየሰፋ አስተምሯል። አገልግሎትንና ሥራን ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም፤ አሁን የተጨመረው ሦስተኛው ጭነት ትምህርቱ ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ተማሪው የፈተናውንና የገጽ ለገጽ ትምህርቱን ቀን እንዳወቀ ለሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ያቅርብ፤ ጉባኤውም ሰሞኑን አስቀድሞ ይለውጥለት። ተማሪው የተቀደሰለትን ሰሞን በሌላ ጊዜ ይመልስ።

ሁለተኛ፣ አጥቢያው በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሳምንት ሁለት ማታ የፀሐይ መብራት ያለው የማንበቢያ ቦታ ይስጥ። የተማሩ ወጣቶች በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጡ ትምህርቱን በስልክ አውርደው ያምጡለት፤ ዋና ዋናው ክፍልም ይታተም፤ ኔትወርክ ቢጠፋ ወረቀቱ ይቀራልና።

ሦስተኛ፣ ተማሪው በክረምት ሲሄድ ማሳው አረም እንዳይውጠው አንድ የደቦ ቀን ይያዝለት። የአያቶቻችን ቁራሽ በዛሬው ዘመን ይህ ነው። ሸክሙ በአብዛኛው የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነውና፣ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የንስሐ አባት ሁለቱን በአንድነት አነጋግረው ፈቃዷን ይስሙ።

አራተኛ፣ ተማሪው ልኩን ይወቅ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት የኮርስ ብዛት ቀንሶ መያዝ ስንፍና አይደለም። የተማረውንም ለራሱ አያስቀር፤ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ያካፍል።

«ካስተማርነው በኋላ ወደ ከተማ ይሄድብናል» የሚል ስጋት እንዳለ እናውቃለን። እውነት ነው፤ የሄዱ አሉ። ነገር ግን ለመማር ሲል ደብሩን ለቅቆ የወጣ ሰው የመመለሱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያጠራጥራል። በመካከላችሁ ሆኖ፣ በእናንተ ሰሞንና በእናንተ ደቦ የተማረ ግን ዕዳ አለበት፤ ዕዳውንም ያውቃል። የአብነት ትምህርቱን እንዲተውም አንጠይቅም፤ ዜማና ቅኔ የሌለው የነገረ መለኮት ምሩቅ በማኅሌቱ ፊት እንግዳ ነውና፣ ሁለቱ አብረው ይሂዱ።

በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ካህናትና ምእመናን አጥቢያቸውን በአንድነት እንዲያስተዳድሩ አድርጓል። እንግዲህ በመጪው ስብሰባችሁ አንድ ጥያቄ በአጀንዳ እንድትይዙልን እንለምናለን፤ ይኸውም «ከአገልጋዮቻችን በትምህርት ላይ ያለው ማን ነው? ከእኛስ ምን ይፈልጋል?» የሚል ነው። ምናልባት ሌሊት ሌሊት ብቻውን የሚያነብ፣ ለመናገር ያፈረ አንድ ዲያቆን በመካከላችሁ ይኖራል። አያቶቻችሁ የቆሎ ተማሪውን ከደጃቸው ባዶ እጁን አልሰደዱትም፤ እናንተም ይህን ልጃችሁን ባዶውን አትሰዱት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።