ልጅና አዋቂ ከአንድ መጽሐፍ
በአሜሪካ አገር የጥቁር ደራሲያንን መጻሕፍት በጉባኤ ስለ ማንበብ



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ነገር የጥቁር ደራሲያን መጻሕፍት በአሜሪካ አገር በልጆችና በወላጆች መካከል ድምፅ ተሰጥቷቸው ሊነበቡ እንዴት እንደ በቁ ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ዶክተር ዊልያም ዱ ቦይስ የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊ ሊቅ ከ1910 ጀምሮ «ክራይሲስ» የሚባለውን መጽሔት ያዘጋጁ ነበር። መጽሔቱ በጥቁር ሕዝብ ላይ የሚፈጸመውን ግፍ፥ ይልቁንም ያለ ፍርድ በሕዝብ እጅ እየተሰቀሉ የሚገደሉትን ሰዎች ወሬ ሳይሸሽግ ይጽፋል። በ1919 ዶክተር ዱ ቦይስ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ የላከችላቸውን ደብዳቤ ለአንባቢ ገለጹ። ልጅቱ ካነበበችው የተነሣ ነጮችን እንደ ጠላች በግልጽ ጽፋለች። ሊቁ በዚህ እጅግ ተጨነቁ። እውነቱን ከልጆች መሰወር አይቻልም፤ ግፉን ብቻ እያስነበቡ ማሳደግ ደግሞ ከሚጠላው ሰው ይልቅ የሚጠላውን ልጅ ራሱን ይጎዳል።

ለዚህ ጭንቀት ያገኙት መፍትሔ ለልጆች የተለየ መጽሔት ማቋቋም ሆነ። ከወይዘሪት ጄሲ ፎሴትና ከአቶ አውገስተስ ዲል ጋር ሆነው በጥር 1920 «ብራውኒስ ቡክ» የተባለውን ወርኃዊ መጽሔት አወጡ። ዋጋው 15 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በውስጡ ተረት፥ ግጥም፥ ጨዋታ፥ የታላላቅ ጥቁር ሰዎች ታሪክ፥ የዓለም ወሬና ንጹሕ ልብስ ለብሰው የተነሡ የልጆች ፎቶግራፍ ይገኝበታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚማርከኝ ግን የደብዳቤዎቹ ክፍል ነው። አንዱ ገጽ ለልጆች፥ አንዱ ለወላጆች የተመደበ ነበር። በመጀመሪያው ቁጥር አንድ ልጅ አድጎ የቤት ንድፍ አውጪ ለመሆን እንደሚመኝ፥ አንድ የነጭ ልጅ ግን ጥቁር ልጅ ቤት አይነድፍም ብሎ እንደ ሣቀበት ጽፎ፥ ሙያውን የት ሊማር እንደሚችል ይጠይቃል። በወላጆቹ ገጽ ደግሞ አንዲት እናት ልጅዋ የአሜሪካን ታሪክ ስትማር፥ የእኛ ሰዎችስ ምንም አልሠሩም ወይ ብላ እንደ ጠየቀቻት ገልጻ፥ መጽሔቱ በዚህ ረገድ እንዲረዳት ትለምናለች። እንግዲህ የልጁ ጥያቄ ወደ ፊት የሚመለከት፥ የልጅቱ ጥያቄ ወደ ኋላ የሚመለከት ነው። ለሁለቱም መልስ የሚሆነው መጽሐፍ በመጻሕፍት ቤት መደርደሪያ ላይ ገና አልነበረም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1920 የጨረሰው ወጣቱ ላንግስተን ሂውዝ ከትምህርት ቤቱ መጽሔት ውጭ የመጀመሪያዎቹ ግጥሞቹ የታተሙለት በ1921 በዚሁ መጽሔት ነው። «ብራውኒስ ቡክ» ግን ገንዘብ አጥሮት በታኅሣሥ 1921፥ ከ24 ቁጥር በኋላ ቆመ። በ24 ወር ዕድሜው እንዲህ ያለውን ባለቅኔ ለዓለም ያስተዋወቀ መጽሔት ከሰረ ለማለት አልደፍርም።

መጽሔቱ ሲቆም ችግሩ አልቆመም። ወይዘሮ አውገስታ ቤከር በ1937 በኒው ዮርክ፥ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፥ በ135ኛው መንገድ በሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሠራተኛ ሆነው ገቡ። ስለ ጥቁሮች ከተጻፉት የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ ጥቁሩን ሰው መሣቂያ የሚያደርጉ፥ ንግግሩን የሚያጣምሙ፥ መልኩን የሚያበላሹ ሆነው አገኙዋቸው። ስለዚህ በ1939 የሚበጀውን ከማይበጀው እየለዩ፥ በደራሲው በጄምስ ዌልደን ጆንሰን ስም የተሰየመ የልጆች መጻሕፍት ስብስብ አቋቋሙ። ራሳቸውም ልጆችን ሰብስበው ተረት በመንገር እጅግ የታወቁ ነበሩ።

በየመሥሪያ ቤታችን ቁጥር የሌለው አቤቱታ ከመዝገብ ቤት እንደማያልፍ ታውቃላችሁ። ለዚህ አቤቱታ ቁጥር ያገኙለት ናንሲ ላሪክ የተባሉ የንባብ ትምህርት ዐዋቂ ናቸው። አንዲት የ5 ዓመት ጥቁር ልጅ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ እያየች፥ በመጽሐፍ ያሉት ልጆች ስለ ምን ሁልጊዜ ነጮች ይሆናሉ ብላ ጠየቀች። እርሳቸውም አሳታሚዎቹን እየጠየቁ ቈጠሩ። በ1965 ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ ከ1962 እስከ 1964 ከታተሙት 5,206 የልጆች መጻሕፍት ውስጥ በጽሑፉ ወይም በሥዕሉ ጥቁር ሰው የሚታይባቸው 349 ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ 6.7 ያህል ነው፤ ያውም በሥዕሉ ጥግ የቆመ አንድ ልጅ እንኳ ተቈጥሮ ነው።

በ1990 የአሜሪካ የእንግሊዝኛ መምህራን ብሔራዊ ምክር ቤት አባላት የሆኑት ጥቁር መምህራን፥ ዶክተር ጄሪ ኮብ ስኮት ባቀረቡት አሳብ መሠረት፥ በየዓመቱ በየካቲት ወር የሚደረግ የንባብ ጉባኤ አቋቋሙ። የካቲት የተመረጠው የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበት ወር ስለ ሆነ ነው። የጉባኤው ሥርዐት እጅግ ቀላል ነው። አንድ ትምህርት ቤት፥ አንድ ቤተ ክርስቲያን፥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ወይም አንድ ቤተ ሰብ እንግዶች ይጠራል፤ በጥቁር ደራሲያን የተጻፉ መጻሕፍት ይመረጣሉ፤ ልጅም አዋቂም በየተራው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ በመጨረሻም የተሳተፈው ሰው ብዛት ለአዘጋጆቹ ይላካል። አባት በልጁ ፊት እየተደናቀፈ ሲያነብ መስማቱ ራሱ ለልጁ ትልቅ ትምህርት ነው እላለሁ።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ በማንሣት ረገድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጉባኤው ላይ የሚነበበው ሁሉ የባርነትና የስቅላት ታሪክ የሆነ እንደ ሆነ፥ ያችን የ12 ዓመት ልጅ በሺህ አባዝተን ማሳደጋችን ነው። በ1975 የኒውበሪን ሽልማት በመቀበል ከጥቁር ደራሲያን የመጀመሪያዋ የሆኑት ቨርጂኒያ ሃሚልተን ስለ ቤተ ሰብ፥ ስለ ተራራና ስለ ልጅነት ሕልም የጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞም ስለ ጥቁሮች የተጻፈውና በጥቁሮች የተጻፈው አንድ አይደለም። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የልጆች መጻሕፍት ማእከል በ2013 ከተመለከታቸው ወደ 3,200 ከሚጠጉ መጻሕፍት ስለ ጥቁሮች የተጻፉት 93፥ ጥቁር ደራሲያን የጻፉዋቸው 68 ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። በዋሺንግተን አካባቢ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችንም ይህ ቁጥር ይመለከታቸዋል፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የሚታዩት እንደ ጥቁር ልጆች ነውና።

ልጆቹ ከተኙ በኋላ አዋቂዎቹ ለራሳቸው የሚያነቡትም አለ። ጃማይካ የተወለደው ክሎድ ማኬይ በ1941 በጻፈው «ኤምያብል ዊዝ ቢግ ቲዝ» በተባለው ልቦለዱ፥ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በ1935 ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የሃርለም ሰዎች እርዳታ ለማሰባሰብ እንዴት እንደ ተነሡና እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተከራከሩ ይተርካል። ከባለ ታሪኮቹ አንዱ «ልጅ» የሚል ማዕረግ ያለው ኢትዮጵያዊ መልእክተኛ ነው። ደራሲው ድርሰቱ ሳይታተምለት በ1948 ዐረፈ። በ2009 አንድ ተማሪ የመኪና ጽሕፈቱን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፥ በሌላ ሰው ወረቀቶች መካከል አገኘው፤ መጽሐፉም በ2017 ታተመ።