በውኃ መንገድ ላይ ከጥንት ወዳጅ ጋር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጉዞ ነው፤ ነገር ግን ስለ ፈጣን ጉዞ አይደለም። ሰው በእግሩ ከሚራመደው እምብዛም በማይበልጥ ፍጥነት እየተጓዘ፣ አጠገቡ ከተቀመጠው ወዳጁ ጋር ስለሚጨዋወትበት የውኃ መንገድ ጥቂት ላወራችሁ አስቤአለሁ።

በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ቀናችንን ለመዝገብና ለደብዳቤ፣ ለስብሰባና ለስልክ ካስረከብን በኋላ፣ የተረፈችውን ጥቂት ሰዓት ደግሞ የመንገድ መጨናነቅ ይወስድብናል። የጥንት ወዳጃችንን በጎዳና ስናገኘው «እንገናኝ እንጂ፤ እደውልልሃለሁ» ተባብለን እንለያያለን፤ ሳንደዋወልም ዓመቱ ይገባደዳል። በመካከሉ ቅሬታ የገባ እንደሆነ ቅሬታውን የምናነሣበት ጊዜ ስለማናገኝ፣ ትንሹ ነገር በዝምታ እያደገ ይሄዳል። ይህ የሁላችን ኑሮ ስለሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም።

እኔም ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ወደ እንግሊዝ አገር ተልኬ ነበር። ሥልጠናው ሲፈጸም የዓመት ዕረፍቴን አያይዤ አንድ ሳምንት ቆየሁ። ምክንያቱም በዚያ አገር ዐሥራ ሁለት ዓመት የኖረ፣ በትምህርት ቤት በአንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የተቀመጠ ወዳጅ ስላለኝ ነው። እርሱም «ከከተማ ከተማ ከምንባክን በቦይ ላይ ብንሄድ ይሻላል» አለኝና፣ ናንትዊች ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ አንዲት ጠባብ ጀልባ ለሰባት ቀን ተከራየን። ጀልባዪቱ አልጋና ምድጃ ያላት፣ እንደ ኮሪደር የቀጠነች ቤት ናት።

ይህ ቦይ ምን እንደሆነ አስቀድሜ ላስረዳ። በእንግሊዝ አገር የመርከብ ቦይ በብዛት የተቆፈረው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1761 ዓ.ም. የብሪጅዎተር መስፍን ከማዕድን ጉድጓዱ የሚወጣውን የድንጋይ ከሰል ወደ ማንቸስተር ከተማ የሚያደርስ ቦይ ባስከፈተ ጊዜ፣ የከሰሉ ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። በዚያ ዘመን አንድ ፈረስ በቦዩ ዳር እየሄደ በገመድ ሲጎትት 30 ቶን ያህል ጭነት የተሸከመች ጀልባ ይስብ ነበር። ያንኑ ጭነት በጭቃማው መንገድ ለማጓጓዝ ቢፈለግ ብዙ ጋሪና ብዙ ፈረስ ያስፈልግ ነበር። ይህን ያየ ባለ ገንዘብ ሁሉ ቦይ ለማስቆፈር ተሽቀዳደመ። በ1830 ዓ.ም. ከሊቨርፑል ማንቸስተር ያለው የባቡር ሐዲድ ከተከፈተ ወዲህ ግን የቦዩ ሥራ ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ሄደ። ዛሬ በቦዩ ላይ የሚታየው በአብዛኛው እንደ እኛ ያለ መንገደኛ ነው። የተፈቀደውም ፍጥነት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው።

እኛ የሄድንበት ቦይ ከሐርልስተን ተነሥቶ በዌልስ አገር እስካለችው እስከ ላንጎሌን 74 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መሬቱም እየከፈ ስለሚሄድ ጀልባዪቱ እንደ ደረጃ በ21 የውኃ በሮች ልትወጣ ይገባታል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ሁለት ሜትር ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በድንጋይ ወይም በጡብ የታነጸ ጓዳ በውኃው መካከል አለ፤ በፊቱም በኋላውም የእንጨት መዝጊያ ተገጥሞለታል። ጀልባዪቱ በታችኛው በር ትገባና በሩ ከኋላዋ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው በዳር ሆኖ የብረት መዘውር እያዞረ በላይኛው በር በኩል ያሉትን የውኃ መስኮቶች ይከፍታል። ውኃው ጓዳውን ሲሞላ ጀልባዪቱ አብራ ከፍ ትላለች። አንዱ መሪውን ሲይዝ ሌላው በሩን ይከፍታል፤ ስለዚህ ሥራው በተለይ ለሁለት ሰው የተዘጋጀ ይመስላል።

አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ። ውኃው በበሩ በሁለቱም ወገን እኩል እስኪሆን ድረስ ያን በር ዐሥር ጎልማሳ ቢገፋው አይንቀሳቀስም። ደረጃው እኩል በሆነ ጊዜ ግን አንድ ሰው ጀርባውን በወፍራሙ የእንጨት ማንሻ ላይ ቢያሳርፍ በሩ ያለ ድምፅ ይከፈታል።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። ከአምስት ዓመት በፊት አባቴ ሲያርፍ ይህ ወዳጄ አልመጣም። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ብዙ ቀን ራቱን በእኛ ቤት የበላ፣ አባቴም «ልጄ» እያለ የሚጠራው ሰው በቀብር አለመገኘቱ፣ ለተዝካርም አለመድረሱ በአገራችን ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። አንዲት አጭር መልእክት ብቻ ላከልኝ፤ እኔም አንዲት አጭር መልስ ላክሁለት። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ግሪንድሊ ብሩክ ከሚባለው ስፍራ ደረስን። በዚያ ስድስት በሮች በተከታታይ አሉ፤ ሦስቱም እንደ ደረጃ አንዱ ከሌላው ጋር የተያያዙ ስለሆኑ ጀልባዎች ተራ ይጠብቃሉ። እኛም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጥን። መጣደፊያ የለም፤ የምንሄድበት ቀጠሮም የለም። ሻይ አፍልቶ ካቀረበልኝ በኋላ ዓይኑን ከውኃው ላይ ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፤

«አባትህ ማረፋቸውን በሰማሁበት ሌሊት ሻንጣዬን አሰናድቼ ነበር። ነገር ግን የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልተወሰነልኝም፤ ከአገር ብወጣ ተመልሼ መግባት አልችልም ነበር። ለእናንተ ግን ሁሉም ተሳክቶልኛል እያልሁ ስጽፍ ስለቆየሁ እውነቱን ለመናገር አፈርሁ። ሻንጣውን ስድስት ወር ሳልፈታው ከአልጋዬ ሥር ተቀመጠ።»

ወዲያው ተራችን ስለደረሰ መዘውሩን ይዤ ወረድሁ። ሦስቱን የተያያዙ በሮች አንድ በአንድ እየከፈትን ስንወጣ ስለዚያ ነገር አልተነጋገርንም። በላይኛው በር ላይ ግን፣ ውኃው እኩል ሆኖ በሩ ሊከፈት ሲል ከጀልባው ወርዶ መጣና አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ገፋ። በሩ የሁለት ሰው ጉልበት የሚፈልግ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀኖች ሌላ መልክ ነበራቸው። ቸርክ ከሚባለው ስፍራ ስንደርስ በ1801 ዓ.ም. በተከፈተው ድልድይ ላይ በጀልባ ሆነን ከእንግሊዝ ወደ ዌልስ ተሻገርን። ከጎኑ የቦዩን ሥራ የወሰደው የባቡር ድልድይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ጥቂት ቆይተን ደግሞ ወደ ፖንትከሰልቴ ደረስን። ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ የተባሉ መሐንዲሶች ከ1795 እስከ 1805 ዓ.ም. ያሠሩት ይህ ሥራ፣ በዲ ወንዝ ሸለቆ ላይ በድንጋይ ምሰሶዎች የተሸከመ የብረት ገንዳ ነው። ርዝመቱ 307 ሜትር፣ ከፍታው 38 ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በአንድ በኩል የእግር መንገድና መከታ አለው፤ በሌላው በኩል ግን ከገንዳው ጠርዝ በቀር ምንም ስለሌለ፣ በጀልባ ላይ ያለ ሰው በአየር ላይ የሚሄድ ይመስለዋል። ወዳጄ መሪውን ለእኔ ሰጥቶ ወደ ፊት ሄደና እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ይህንንም እንደ መታመን ቈጠርሁት።

የዚህ ቦይ ታሪክ በተለይ ልብ የሚነካ ነገር አለው። በ1944 ዓ.ም. ለመርከብ ጉዞ እንዲዘጋ በሕግ ተወስኖ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ቦዮች ደርቀው ወይም በአፈር ተደፍነው ቀርተዋል። ይህኛው የዳነው ከላንጎሌን በላይ ከዲ ወንዝ የሚቀዳውን ውኃ እስከ ሐርልስተን ማጠራቀሚያ ድረስ ስለሚያደርስ ነው። ጀልባ ባይሄድበትም ውኃ ይሄድበት ነበርና ሊደፍኑት አልቻሉም። ዛሬም ወደ ላንጎሌን የሚወጣ ጀልባ ያ ውኃ በፊት ለፊት ሲገፋው ይሰማዋል።

ይህን ስሰማ እናቴን አስታወስሁ። ወዳጄ እኔን በተኰራረፍንበት ዘመን ሁሉ፣ በየዓመት በዓሉ ለእናቴ ስልክ መደወልና ጤናዋን መጠየቅ አልተወም ነበር። እናቴም «ያ ልጅ ደወለ» ትለኝ ነበር። በመካከላችን ጀልባ ቢቆምም ውኃው አልቆመም ነበር ማለት ነው።

ክቡራን አድማጮቼ፤ በአገራችን የዚህ ዓይነት ቦይ ስለሌለን ነገሩ የሩቅ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የጣና ሐይቅ አለን፤ ሐዋሳም አለን። ይህም ባይመች እንጦጦን በእግር መውጣት ገንዘብ አይጠይቅም። ዋናው ነገር ስፍራው አይደለም። አንዱ ሌላውን ጥሎ ለመሄድ በማይችልበት፣ ሰዓትም በማይታይበት ስፍራ ከጥንት ወዳጅ ጋር ጥቂት ቀን መዋል ነው። ወዳጅ በቡና ቤት ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የማይናገረውን ነገር፣ ተራ በመጠበቅ ላይ ሳለ ይናገረዋል።

እንግዲህ በዚህ ዓመት የዕረፍት ፈቃዳችሁን ስትጠይቁ፣ ለረጅም ጊዜ ያልጠየቃችሁትን አንድ ሰው አስቡ። ተቀይማችሁት እንደሆነ በሩን በጉልበት ለመክፈት አትሞክሩ፤ ፍርዱንም አታፋጥኑ። እርሱ ያለበትን ደረጃ ለማወቅ ጊዜ ስጡት፤ እናንተም ያላችሁበትን እንዲያውቅ ጊዜ ስጡት። ውኃው እኩል ሲሆን በሩ ብዙ አያስቸግርም።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ድረስ ደኅና ሁኑ።