በወገል ጤና የፈላ ውኃ 100 ዲግሪ አይሞላም



አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ማቀዝቀዣውን ራስበሪ ፓይ በተባለች መዳፍ በማታክል ኮምፒዩተር መከታተል ይቻላል። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት መለኪያ ሦስት ሽቦ አለው፤ አንዱ ከ3.3 ቮልት፥ አንዱ ከግራውንድ፥ የመረጃው ከ7ኛው ፒን ይገናኛል። በ3.3 ቮልቱና በመረጃው ሽቦ መካከል የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ካልገባ ስክሪኑ ላይ ቁጥር አይወጣም።

አደራ፥ መለኪያውን በፈላ ውኃ አታስተካክሉ። ወገል ጤና 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው (ባቄላ ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ያውቁታል)። «100 አላለም» ብላችሁ 10 ብትጨምሩ፥ ከዜሮ በታች 4 የወረደው ማቀዝቀዣ 6 ተብሎ ይነበባል። የቴታነስ ክትባት ደግሞ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። ይልቅ የተፈጨ በረዶ በጥቂት ውኃ አማስላችሁ መለኪያውን ንከሩት፤ 0፥ ቢበዛ ግማሽ ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ቢል ነው።