አስም፦ ከነርቭ ሕመም ወደ ብግነት

ሄንሪ ሃይድ ሶልተር የለንደን ሐኪም ነበሩ፤ ራሳቸውም አስም ያሠቃያቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 ባሳተሙት መጽሐፍ ጥፋቱን በነርቭ ላይ ጣሉት። ነርቭ ሲታወክ የአየር ቧንቧን የከበበው ጡንቻ ይኮማተራል፣ ትንፋሽም ያጥራል አሉ። ከሚመክሯቸው ፈውሶች አንዱ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ወፍራም ቡና ነበር። ምክሩ ከንቱ አይደለም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ኋላ ላይ የአስም መድኃኒት ለሆነው ቴኦፊሊን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ቧንቧውንም በመጠኑ ይከፍታል።

በዚያው ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን አስተናግር የምንለውን መርዛማ ተክል ቅጠል አድርቀው፣ እንደ ሲጋራ ጠቅልለው ለአስም ያጨሱት ነበር። አስተናግር ጡንቻን የሚያላላ አትሮፒን አለውና እፎይታው እውነተኛ ነበር። ስሕተቱ ሌላ ቦታ ነው፦ የጡንቻው መኮማተር የበሽታው ሁለንተና ተደርጎ ተወሰደ። ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር በ1892 ባወጡት የሕክምና መጽሐፍ በትንንሾቹ ቧንቧዎች ላይ ስላለው ብግነት ቢጽፉም፣ ሕክምናው ለብዙ አሥርተ ዓመታት ጡንቻውን ከማላላት አልራቀም።

በ1956 አሜሪካ ውስጥ ሪከር ላቦራቶሪስ መጥኖ የሚረጭ የአስም መድኃኒት ለገበያ አቀረበ። መነሻው የኩባንያው ኃላፊ የ13 ዓመት ልጅ ጥያቄ እንደነበር ይነገራል፤ አስም ነበረባትና መድኃኒቷ እንደ ፀጉር ስፕሬይ ለምን በቆርቆሮ እንደማይሆን ጠየቀች። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው የሚተነፍሰው በዚሁ ነው።

ግን በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በዌልስ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ተመራማሪው ሪቻርድ ዶል የተሳተፉበት የ1968ቱ ጥናት፣ ጭማሪው አይሶፕሬናሊን የተባለው የሚረጭ መድኃኒት ከተስፋፋበት ጊዜ ጋር እንደሚገጥም አሳየ። መድኃኒቱ ልብን ጎድቶ ነው ወይስ ሕመምተኞቹ በእፎይታው ተማምነው ሐኪም ቤት ለመሄድ ዘግይተው ነው? ባለሙያዎች ለዓመታት ተከራክረዋል። ሁለተኛው መልስ ችላ ሊባል የማይገባው ነው፤ ቧንቧው ሲከፈት የታመመው ሰው የዳነ ይመስለዋልና።

በ1969 ሳልቡታሞል፣ በ1972 በአፍ የሚሳብ ስቴሮይድ ቤክሎሜታዞን ብቅ አሉ። የመጀመሪያው ጡንቻ ያላላል፤ ሁለተኛው ብግነትን ያበርዳል። የስቴሮይዱ ጥቅም ቁልጭ ብሎ የታየው በ1980ዎቹ ነው። ሐኪሞች በቀጭን መመርመሪያ ወደ ሳንባ ገብተው ከቧንቧው ግድግዳ ናሙና ሲወስዱ፣ አስማቸው ቀላል በሆነ ሰዎች ላይ እንኳ የብግነት ምልክት የሆኑትን የተጎዳ ሽፋንና ኢኦሲኖፊል የተባሉ የደም ሕዋሳት አገኙ።

ብግነቱን የሚቀሰቅሰው ምንድን ነው? ለዚህ ፍለጋ ጅማ ትልቅ ድርሻ አላት። በዚያ ተሠርቶ በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ሲርሲርታ (ሲተነፍሱ የሚሰማ ፉጨት) ያለበት ሰው ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳየ። በ2001 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲርሲርታ እንደሚቀንስባቸው ጠቆመ። ትሉ ደም ይመጥጣልና መድኃኒት አይሆንም፤ ሆኖም የሰውነት መከላከያ ኃይል ከአስም ጋር ያለውን ትስስር ለማጥናት መንገድ ከፍቷል።

ሕክምናውም ወደ ብግነቱ አዘንብሏል፤ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጂና በ2019 ሳልቡታሞልን ብቻውን ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ማዘዝን መምከር አቆመ። ሰማያዊውን የሳልቡታሞል ፓፍ ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው ዛሬውኑ ሐኪሙን ስለ ስቴሮይዱ ይጠይቅ።