የሩቅ አገር ምግብ ቤትና የአብርሃ ጅራ ሰሊጥ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው ስለ ሥራ ነው። ይኸውም በዓመቱ መጨረሻ ከዚህ ቤት ስንወጣ ሁላችንን የሚጠብቀን ጥያቄ ስለ ሆነ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ፒዛ ሃት የተባለው የአሜሪካ ምግብ ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ይህን ድርጅት በ1950 ዓ.ም. በካንሳስ ግዛት በዊቺታ ከተማ በአንዲት ትንሽ ቤት የጀመሩት ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ወደ አገራችን ያመጣው ግን በላይ አብ የተባለው የአገራችን ድርጅት ነው። እንዲህ ባለው ውል የአገሬው ነጋዴ ስሙንና የአሠራሩን ሥርዓት ይቀበላል፤ ቤቱን ያሰናዳል፤ ሠራተኛ ቀጥሮ ያሠለጥናል፤ ስለ ስሙም ከሽያጩ ድርሻ ይከፍላል።

በዚህም አብሳዩ፣ አስተናጋጁና ሒሳብ ተቀባዩ ሥራ ያገኛሉ። ይህን አንንቀውም። ነገር ግን በወጥ ቤቱ የሚቀጠሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙው ሥራ ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ዱቄቱን የሚፈጨው፣ ቲማቲሙን የሚተክለው፣ አይቡን የሚያዘጋጀው ማን ነው? ዕቃው ከባሕር ማዶ ከመጣ ሥራውም እዚያው ይቀራል።

እኛ የአብርሃ ጅራ ልጆች ይህን ከሰሊጣችን እንረዳዋለን። በውጭ አገር እንዲህ ባሉት ምግብ ቤቶች በሚሸጠው ክብ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው ነጭ ፍሬ ሰሊጥ ነው፤ የጎንደርና የሑመራ ሰሊጥም ለዳቦ ተስማሚ መሆኑ በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። መከሩ ሲደርስ ከደጋ የሚወርዱት ወገኖቻችን በጠራራ ፀሐይ እየተጣደፉ ያጭዱታል፤ ቢዘገዩ ፍሬው ይረግፋልና። ከዚያ በኋላ ግን አብዛኛው ሳይፈተግ በጆንያ ወደ ውጭ ይላካል። መፈተጉና መቁላቱ በሌላ አገር ስለሚሠራ ደመወዙ ለሌላ አገር ልጅ ይሆናል። አጫጁ ወደ ደጋ ይመለሳል፤ የእኛም ወጣት ሥራ ይፈታል።

እንግዲህ እንግዳ ምግብ ቤት ሲከፈት፣ «ስንት አስተናጋጅ ቀጠረ?» ብለን ብቻ ሳይሆን፣ «ከማን ይገዛል?» ብለንም እንጠይቅ። የሰው ወርቅ አያደምቅም እንዲሉ፣ የሰው ስም ብቻውን አገር አያበለጽግም። ደግሞም ገዥ ጥራትን ይፈልጋል፤ አፈርና ጠጠር የተቀላቀለበትን ሰሊጥ በዳቦው ላይ የሚነሰንስ የለም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ከመከሩ ትርፍ ጥቂት ጥቂት አዋጥታችሁ የማበጠሪያና የመፈተጊያ መኪና ብትተክሉ፣ እኛ መኪናውን ለማንቀሳቀስ፣ ሒሳቡን ለመያዝ፣ ሚዛኑንም በእውነት ለመመዘን ተዘጋጅተናል። ታናናሾቻችንም ሒሳብንና ሳይንስን አጥብቃችሁ ያዙ፤ ነገ የምትሠሩባቸው እነርሱ ናቸውና። የምንለምናችሁ ሥራን ነው እንጂ ምጽዋትን አይደለም።