የታዋቂዎቹ ድምፅና የእኛ ሴቶች ሒሳብ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙና በያዮ፣ እንዲሁም ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር ብትሆንም ከኢሉባቦር ለይተን በማናያት በበደሌ የምትገኙ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሥራ ዋጋ ነው። በተለይም ሴት ልጅ ለሠራችው ሥራ የሚከፈላትን እንመለከታለን።

ባለፉት ዓመታት በውጭው ዓለም ስማቸው የገነነ ሴቶች አደባባይ ወጥተው ከወንድ ባልደረቦቻቸው ያነሰ እንደሚከፈላቸው ሲናገሩ በየዜናው ሰምተናል። ከመካከላችን ይህን ሲሰማ የሚስቅ አለ። «በሺህና በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የምታገኝ ሴት ስለ ደመወዝ ብታማርር፣ መቱ ውስጥ ድንጋይ ለምትሸከመው ምን ይጠቅማታል?» ይላል። ጥያቄው አግባብ ያለው ነው። መልሱን ለማግኘት ግን የአንዷን ታሪክ ቀረብ ብለን እንይ።

ኬሪ ግሬሲ የቢቢሲ የቻይና ኤዲተር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ቢቢሲ በዓመት ከ150 ሺህ ፓውንድ በላይ የሚከፈላቸውን አቅራቢዎችና ጋዜጠኞች ዝርዝር እንዲያወጣ ተገደደ። የእርሷ ስም በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም፤ የሚከፈላት 135 ሺህ ነበርና። በሰሜን አሜሪካ ተመሳሳይ ኃላፊነት የነበረው ወንድ ባልደረባዋ ግን ከ200 ሺህ በላይ ያገኝ ነበር። ጭማሪ እንስጥሽ ሲሏት አልቀበልም አለች። የጠየቀችው ከባልደረባዋ ጋር እኩል መሆንን ነበር። በጥር 2018 ኃላፊነቷን ለቀቀች፤ ምክንያቱንም በግልጽ ደብዳቤ ለሕዝብ አሳወቀች። በዚያው ዓመት መሥሪያ ቤቱ ይቅርታ ጠየቃት፣ ውዝፏንም ከፈላት። እርሷም ገንዘቡን በሙሉ ለሴቶች መብት ለሚሟገት ድርጅት ሰጠች። ሌላዋ የቢቢሲ አቅራቢ ሳሚራ አሕመድ ደግሞ ለአንድ ዝግጅት 440 ፓውንድ ሲከፈላት፣ ተመሳሳይ ዝግጅት የሚያቀርበው ወንድ 3,000 ይከፈለው ነበር። በጥር 2020 የሥራ ክርክር ችሎት ፈረደላት። ቀጣሪው ልዩነቱ ከጾታ ውጪ በሆነ ምክንያት መምጣቱን ማስረዳት አልቻለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ለእኛ ቁም ነገሩ የፓውንዱ ብዛት አይደለም። ዝርዝሩ ባይወጣ ኖሮ ግሬሲ ስንት እንደቀረባት በእርግጠኝነት የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ልዩነቱ የኖረው ማንም የማንን ደመወዝ ባለማወቁ ነው። ይህ ደግሞ በለንደንም በመቱም ያው ነው።

የታዋቂ ሰው ድምፅ ምን ሊሠራ እንደሚችል የኢሉባቦር ሰው ይጠፋዋል ብለን አናስብም። እ.ኤ.አ. በ1981 ካርልሀይንዝ ቦም የተባለው የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ከሦስት ተመልካቾች አንዱ እንኳ ለተራበ ሰው አንድ ማርክ አይሰጥም ብሎ ተወራረደ። የተሰበሰበው ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር፤ በዚያው ዓመትም «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ተመሠረተ። የመቱ ሆስፒታል ዛሬ በካርል ስም የሚጠራው ለዚህ ነው። እዚያ ሆስፒታል የወለዱ እናቶች የተዋናዩን አንድም ፊልም አላዩ ይሆናል፤ እኛም አላየንም። የአንድ ምሽት ንግግሩ ግን ደጃችን ድረስ ደርሷል።

ስለዚህ የታዋቂዎቹን ንግግር አንንቀው። ነገር ግን ስለ ራሳቸው ሥራ ነው የተናገሩት። የእኛን ሴቶች ሒሳብ መመርመር የእኛ ድርሻ ነው።

አንድ ነገር እናስተውል። ልኬቱ ለሁሉም በሚታይበት ሥራ ማዳላት ይከብዳል። እህታችን ፋጡማ ሮባ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ የኦሎምፒክ ማራቶንን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፤ ከ1997 እስከ 1999 ደግሞ የቦስተን ማራቶንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወሰደች። በቦስተን በዚያ ዘመን ለወንድም ለሴትም አሸናፊ የሚሰጠው ሽልማት እኩል ነበር። ሰዓቱና መስመሩ ለሁሉም የሚታይ ነውና። በእኛም አገር እሸት ቡና በኪሎ ተመዝኖ ሲከፈል፣ ሚዛኑ እስካልተነካ ድረስ ወንድና ሴት አይለይም። ችግሩ የሚመጣው ሚዛን በሌለበት ቦታ ነው።

የት ነው ሚዛን የሌለው? የቀን ሥራ ላይ ነው። ካቦው ወንዱን ለመጫንና ለማውረድ፣ ሴቷን ለመልቀምና ለማስጣት ይመድባል፤ ከዚያ «የእርሷ ቀላል ሥራ ነው» ይባላል። ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብሎ ቡና መልቀም ቀላል መሆኑን ማን መዘነው? በግንባታ ቦታ ደግሞ ሴቷም ወንዱም ያንኑ አሸዋና ያንኑ ድንጋይ ተሸክመው፣ ማታ ሒሳብ ሲሠራ የእርሷ የሚያንስበት አጋጣሚ ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

የራሳችን ግቢም አለ። አንድ ቤት ውስጥ ዘበኛና የቤት ሠራተኛ አሉ እንበል። እርሱ ሌሊት በር ይጠብቃል፤ እርሷ ከሱብሒ በፊት ተነስታ እንጀራ ትጋግራለች፣ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች፣ የምትተኛው ሁሉም ከተኛ በኋላ ነው። የወር ደመወዛቸውን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ከፋዩ አንድ ሰው ነው፤ ገንዘቡም የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው። «እርሷ ምግብና መኝታ አላት» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ምግብና መኝታው ተገምቶ በቁጥር ይቀመጥ፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ይታያል። በገበሬው ቤትም ቢሆን ሚስት የለቀመችውንና ያደረቀችውን ቡና ባል ይሸጣል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የትርፍ ክፍፍልም የሚወጣው በአባልነት በተመዘገበው ሰው ስም ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ አባወራው ነው።

የአገራችን ሕግ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ለሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት ሰጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድን ከነደመወዙ 120 ቀን አድርጎታል። ነገር ግን ይህ አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም፤ የእርሷ ጉዳይ በሌላ ደንብ እንዲወሰን ተትቷል። ከዚህም ሌላ የወሊድ ፈቃዱን የሚፈራ ቀጣሪ ገና ከበሩ «ወንድ ይሻለኛል» ይላል። አሜሪካዊቷ ሯጭ አሊሰን ፊሊክስ እ.ኤ.አ. በ2019 የተናገረችው ከዚህ ጋር ይገናኛል። ከወሊድ ጋር በተያያዘ ናይኪ ክፍያዋን በእጅጉ ሊቀንስባት እንደፈለገ ለሕዝብ ገለጸች፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ለነፍሰ ጡርና ለወላድ አትሌቶች የውል አሠራሩን ለወጠ።

ወደ ከባዱ ክርክር እንምጣ። አንዳንድ ወንድሞቻችን «ነፈቃ በወንድ ላይ ነው፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው እርሱ ስለሆነ ደመወዙ መብለጡ ትክክል ነው» ይላሉ። ነፈቃ በባል ላይ ግዴታ መሆኑ አያከራክርም። ግዴታው ግን የባል ነው፤ የሚወጣውም ከባል ገንዘብ ነው። ቀጣሪው ባሏ አይደለም። የሌላውን ሰው ግዴታ ምክንያት አድርጎ ከላቧ መቀነስን ከየት አመጣው? ደግሞም ይህ ሰው ለወንደላጤውና ለአሥር ልጆች አባት እኩል ይከፍላል፤ ቤተሰብን የሚያስታውሰው ሴት ስትመጣ ብቻ ነው። ባሏ የሞተባትና የተፈታችው፣ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገውስ? ሱረቱ ኒሳእ በአንቀጽ 32 ወንዶችም ሴቶችም ከሠሩት ድርሻ እንዳላቸው ይገልጻል። ሱረቱ ጦላቅ ደግሞ የተፈታች እናት የራሷን ሕፃን ስታጠባ እንኳ አባትየው ዋጋዋን እንዲከፍላት ያዛል። እናት በፍቅር ትሠራዋለች ተብሎ በነጻ ሊታለፍ ይችል የነበረ ሥራ ዋጋ ተቆርጦለታል።

«ሴት ልጅ በደሏን በአደባባይ መናገሯ ነውር ነው» የሚልም አለ። የኸውላ ቢንት ሠዕለባን ታሪክ ያስታውስ። በባሏ ነገር ወደ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ቀርባ ተከራከረች፤ አቤቱታዋም ተሰምቶ ሱረቱል ሙጃደላህ ወረደ። ክፉ ነገርን ጮክ ብሎ መናገር በተጠላበት አንቀጽም የተበደለ ሰው ተለይቶ ተፈቅዶለታል።

በየመስጊዱ ላብ ሳይደርቅ ስለ መክፈል እንሰብካለን፤ ስለ መጠኑ ግን ብዙ አንናገርም። ስለዚህ «ያለፈውን ምን እናድርግ?» ለሚለው ጥያቄ አጭር መልስ እንስጥ። ዋጋው አስቀድሞ ተነግሯት፣ ሳትታለልና ሳትገደድ ተስማምታ ከሆነ ውሉ ውል ነው፤ ለወደፊቱ ግን ይስተካከል። ብዙ ጊዜ በእኛ አገር የሚደረገው ግን ዋጋ ሳይቆረጥ «ግቢ፣ እንደሌላው እንከፍልሻለን» ተብሎ ነው። በዚህ ጊዜ የሚገባት ዑለማዎች አጅሩል ሚሥል የሚሉት ነው፤ ይኸውም ለዚያ ዓይነት ሥራ በአካባቢው የሚከፈለው ዋጋ ነው። «የአካባቢው ልማድ ለሴት ዝቅ ያለ ነው» ቢባል፣ በእኛ እይታ ያንኑ ሥራ ለሠራ ወንድ የሚከፈለው ነው መለኪያው። ልማድ የሚያገለግለው ፍትሕን እስካልተጋፋ ድረስ ነውና። የጎደለው ገንዘብ ዕዳ ነው። ባለዕዳው ቢሞት ወራሾቹ ከመካፈላቸው በፊት ከንብረቱ ይወጣል። ሠራተኛዋ ወደ ጋምቤላ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄዳ እንደሆነ፣ ያስቀጠራት ደላላ ያለችበትን ያውቅ ይሆናል፤ ስልክ ይደወልለት።